የማይቆም ጣት

ሪዚኪ ሌሶ፣ ሴቶች ወገባቸውና ትከሻቸው ላይ የሚያጣፉትን ጥንድ ጨርቅ፣ የምትሸጥ ሴት ናት። ሞምባሳ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ሽቅብ በሚወጣው ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት የእንጨት አግዳሚ አለቻት። ከአግዳሚዋ በላይ ሸራ ተወጥሯል፤ ከሸራው ሥር ሌሶዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይንጠለጠላሉ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። ሰው ሲያናግራት መጀመሪያ ፈገግ ትላለች፣ ቀጥላ ጨርቁን ታያለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትመልሰው። ዓይን አፋር ናት ይሏታል። ዓይን አፋርስ ነበረች፤ ግን ሌላም ነገር ነበረባት።

ሌሶ መቼም ያለ ቃል ሌሶ አይባልም። ከጨርቁ ግርጌ በላቲን ፊደል አንድ መስመር ጽሑፍ ይታተምበታል፤ ሴቶቹም ቀለሙን ከወደዱ በኋላ የሚገዙት ቃሉን አይተው ነው። ለእናት የሚሰጥ አለ፣ ባል ፊት የሚለበስ አለ፣ ጎረቤት እንድታየው ተብሎ ሆን ብሎ ማስጫ ላይ የሚንጠለጠልም አለ። አፍ አውጥቶ መናገር የሚያሳፍረውን ጨርቁ ይናገርላቸዋል።

"ሪዚኪ፣ ይሄ ደግሞ ምን ይላል?" ይሏታል።

ሪዚኪ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች። ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር ታደርግና ወደ ቀኝ ትነዳዋለች። "የልጆቼ አባት፣ ዓይኔ ካንተ ሌላ አላየም" ትላለች፣ በዚያ ዝቅ ባለው ድምጿ። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ "አይ ውሸት!" ይላሉ፣ ገዝተው ይሄዳሉ።

እሷ ግን አንዱንም አንብባው አታውቅም። አዲስ የጨርቅ እስር ሲመጣ የጅምላ ነጋዴው ጸሐፊ አንድ ጊዜ ያነብላታል። አንድ ጊዜ ይበቃታል። የካሹ ፍሬ ሥዕል ያለበት ይህን ይላል፣ ዶሮው ያን ይላል፣ ባለ ዓሣ ዓይኑ ያንን ይላል፤ በቃ፣ ሥዕሉና ቃሉ አንድ ላይ ተሰፍተው ጭንቅላቷ ውስጥ ይቀመጣሉ። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ሄዳለች። ፊደሎቹ ግን የስኳር ጣሳ ሲከፈትባቸው እንደሚበተኑ ጉንዳኖች ነበሩባት፤ አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል። ተገረፈች፣ ተሳቀባት፣ ጥግ ላይ ቆመች። ኋላ ላይ እናቷ ታመመችና ከቤት ቀረች። መቅረቷን እንደ ምሕረት ነው የቆጠረችው። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገረችም። ባሏ እንኳ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሳያውቅ ነው የሞተው።

አንዲት ልጅ ጥሎላት ሄዷል። ስዋሌሃ ትባላለች።

ስዋሌሃ አፏ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ጀልባዎቹን በጩኸታቸው ትለያለች፤ አንድ ጊዜ የሰማችውን ተረት ከነሳሉ ትደግመዋለች። የሰፈሩ ሴቶች ማሐምሪ የሚሉትን ጥብስ ዳቦ በባቄላ ሲበሉ ጠርተው ያስቀምጧትና "እስቲ ያቺን የዝንጀሮዋን" ይሏታል። ትምህርት ቤት ግን ያቺው ልጅ ዲዳ ትሆናለች። መጽሐፍ ሲሰጣት ጓደኛዋ ያነበበችውን በጆሮዋ ይዛ ትደግማለች። ገጹ ከተቀየረባት ግን ያለቀላት ናት። "ሰነፍ ናት፣ ስትፈልግ ትችላለች" ይሉ ነበር መምህራኑ። ክፍል ደገመች። ጠዋት ጠዋት ሆዷን ማመም ጀመራት፤ የሚገርመው ደግሞ ቅዳሜ አያማትም።

ሪዚኪ ያንን የሆድ ቁርጠት ታውቀዋለች። የራሷ ሆድ ነው።

የባሏ ታላቅ እህት ቢ ኮምቦ የምትኖረው ማሊንዲ ነው። ሰፊ ቤት አላት፣ ድምጿም እንደ ቤቷ ሰፊ ነው። በመጣች ቁጥር አግዳሚው ላይ ዘፍ ትልና ትጀምራለች።

"ሪዚኪ፣ ይህቺ ልጅ ለደብተር አልተፈጠረችም። ስጪኝና ቤት ትያዝልኝ። መጥበስ ትማራለች፣ ማጠብ ትማራለች። ባሏ ፊደል ቁጠሪልኝ አይላት!"

"ገና ልጅ ናት እኮ፣ ቢ ኮምቦ።"

"ሥራ ልጅ እያሉ ነው የሚያዘው። ዘንድሮም ከደገመች እወስዳታለሁ፤ ነግሬሻለሁ።"

ሪዚኪ ፈገግ ትላለች፣ ጨርቁን ታያለች። ምን ብላ ትመልስ? ልጅቷን አሳልፋ መስጠት አትፈልግም። ግን ለምን እንደማትፈልግ ለመናገር ያንን የደበቀችውን መናገር ሊኖርባት ነው። ይህ መንገድ ደግሞ እንጀራዋ ነው፤ የማታነብ የሌሶ ሻጭ ማን ያምናል?

እንዲህ እያለች ሳለ ነው የቢ ታቱ ጉዳይ የመጣው።

ቢ ታቱ ጎረቤት ናት፤ ሴት ልጇን በቅርብ ድራለች። ለልጇ አማት ሌሶ መላክ ፈለገች፤ ምስጋና ያለበት፣ ደስ የሚል። ሪዚኪ ቀይና ጥቁሩን፣ ባለ ካሹውን አወረደችላት፤ ጣቷንም ነዳችው። "እህቴ ሆይ፣ ልጄን ስለያዝሽልኝ አመሰግናለሁ።" ቢ ታቱ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ገዛችው።

ጨርቁ ከአዲሱ እስር የመጣ ነበር። ሥዕሉ ያው፣ ቀለሙም ያው ስለነበር ሪዚኪ ጸሐፊውን አልጠየቀችውም። የማውቀውን ምን ያስጠይቀኛል ብላ ነው። ፋብሪካው ግን በድሮው ሥዕል ላይ አዲስ ቃል አትሞበታል።

ቢ ታቱ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ በቅጡ አላደረገችም።

"ሪዚኪ! ሪዚኪ ነሽ ወይስ ጠላቴ ነሽ? ጨርቁ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? 'ሰላምታሽ ደርሶኛል፣ ምላስሽን ግን ከቤቴ አርቂልኝ' ነው የሚለው! ሴትዮዋ እንግዳ ፊት ዘርግታ አነበበችው! ልጄን አላናግርም ብላለች!"

መንገዱ ሞላ። ማዶ ያለው ድንች ጠባሽ እንኳ መጥበሻውን ትቶ መጣ። ቢ ኮምቦም ያን ቀን እዚያው ነበረች። ሪዚኪ አግዳሚው ላይ ያለውን ጨርቅ ያዘች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ያዘች።

ያኔ ስዋሌሃ ከእስሩ ኋላ ብድግ አለች።

"እኔ ነኝ" አለች። "እማዬ ትክክለኛውን አውጥታ ነበር። ስጠቀልለው እኔ ነኝ ከሌላው ጋር የቀየርኩት።"

"አላልኳችሁም?" አለች ቢ ኮምቦ፣ ጭኗን በመዳፏ መትታ። "አላልኳችሁም? ጨርቅ ከጨርቅ የማትለይ ልጅ! ነገ ትምህርት ቤት ሄደን እናስወጣታለን፤ አለቀ!"

ቢ ታቱ ልጅቷን አየቻት፣ ምራቋን ዋጠች፣ እየተነጫነጨች ሄደች። ልጅ ላይ ምን ይባላል? ሕዝቡም ተበተነ።

ሪዚኪ ሌሶዎቹን አወረደች፣ አጣጠፈች። ልጅቷን በእጇ ይዛ ወደ ባሕሩ ግንብ ወረደች፤ ጀልባዎቹ ቆመው ከሚታዩበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

"ለምን ዋሸሽ?" አለቻት።

ስዋሌሃ እግሯን እያወዛወዘች፣ "አንቺ እንደማታነቢ እንዳያውቁ" አለች።

ሪዚኪ ወደሷ ዞረች። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ጣትሽ ነው።"

"ጣቴ ምን አደረገ?"

"አይቆምም። የሚያነብ ሰው ጣቱ ይቆማል፣ እማዬ። ረጅም ቃል ሲመጣ ይቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። መምህራችንም ጣቷ ይቆማል። የአንቺ ግን ልክ እንደ ጀልባ ዝም ብሎ ይሄዳል። አንዳንዴ ቃሉ አልቆ ጣትሽ ገና መሃል ላይ ነው።" የራሷን ጣት ድንጋዩ ላይ ነዳችው። "እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። ስለዚህ አወቅኩት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከትንሽነቴ።"

ሪዚኪ ልጇን አየቻት። ስንት ዓመት ሙሉ ከሰፈሩ፣ ከባሏ፣ ከደንበኛው ሁሉ የሸሸገችውን ነገር ይህቺ ጥርሷ ገና ያልሞላ ልጅ አይታዋለች። አይታም አልተናገረችም። ተሸክማዋለች። ዛሬ ደግሞ መንገድ ሙሉ ሰው ፊት ብድግ ብላ በራሷ ላይ ጫነችው። አንድ ፊደል የማትለይ የተባለች ልጅ የሰውን ጣት እንዲህ ታነባለች! ሪዚኪ፣ ልክ ሌሊት ወደ ሰማይ ቀና ሲባል እንደሚሰማው፣ በዚያ ትንሽ ጭንቅላት ውስጥ ምን ያህል ስፋት እንዳለ አሰበች።

በማግስቱ ሦስቱም ትምህርት ቤት ሄዱ። ቢ ኮምቦ ከፊት፣ ሪዚኪ ከኋላ፣ ስዋሌሃ መሃል። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ደክሟቸዋል። ከጎናቸው አዲሷ መምህርት ተቀምጣለች። ናፉላ ትባላለች፤ ከወዲያ ከምዕራብ፣ ከቡንጎማ የመጣች ናት። ልጆቹ በአነጋገሯ ይስቁባታል።

"ልናስወጣት ነው የመጣነው" አለች ቢ ኮምቦ፣ ሳትቀመጥ። "መቼም አልቻለችም፣ ዓይናችሁም አይቶታል።"

ርዕሰ መምህሩ ተነፈሱ። "ሞክረናል። ዓይኗም ታይቷል፣ ደህና ነው። እናቷ ምን ትላለች?"

ሁሉም ወደ ሪዚኪ ዞሩ። ሪዚኪ ፈገግ አለች። የምታየው ጨርቅ ፈለገች፤ ክፍሉ ውስጥ ጨርቅ አልነበረም። የለበሰችውን ሌሶ ጠርዝ ያዘች።

"እኔ..." አለች።

"ጮክ በይ፣ አይሰሙሽም" አለች ቢ ኮምቦ።

"እኔም እንደሷ ነኝ" አለች ሪዚኪ። "አላነብም። ፊደሉ አይቆምልኝም። የቢ ታቱን ሌሶ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ ለኔ ብላ ነው የዋሸችው። ሰነፍ አይደለችም። እኔም ሰነፍ አልነበርኩም።"

ቢ ኮምቦ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

መምህርት ናፉላ ግን ወንበሯን ስባ ቀረበች። "አንቺም? ልጅ ሳለሽ ሆዱ ወደ ግራ የሆነውና ሆዱ ወደ ቀኝ የሆነው ፊደል፣ d እና b፣ ይምታታብሽ ነበር?"

"እነዚያ ሁለቱማ መንትያ ናቸው" አለች ሪዚኪ ሳታስበው። "ዛሬም አለያቸውም።"

"ቃሉን ስትሰሚው ታውቂዋለሽ፤ ከየትኛው ድምፅ እንደተሠራ ለይ ስትባዪ ግን ይጠፋሻል?"

ሪዚኪ አፏን በሌሶዋ ሸፈነች። ይህቺ ከሩቅ የመጣች ሴት የሆዷን ከየት አወቀችው?

"ዲስሌክሲያ ይባላል" አለች ናፉላ። "በሽታ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። የአእምሮ ማነስም አይደለም። ድምፅን ከፊደል የሚያገናኘው የአእምሮ መንገድ በአንዳንድ ሰው ላይ ሌላ አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሌላው በአንድ ጊዜ የሚይዘውን እነሱ ብዙ ጊዜ መመላለስ አለባቸው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከቤተሰብ ይወረሳል። ከእናት ወይም ከአባት።"

"ከኔ ነዋ የወሰደችው" አለች ሪዚኪ፣ በፍርሃት።

"ካንቺ ወስዳዋለች፣ አዎ። እንደ አፍንጫዋ።"

ስዋሌሃ አፍንጫዋን ነካች፣ ከዚያም የእናቷን አፍንጫ አየች። ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸው አመለጣቸው።

ናፉላ ከጠረጴዛው ሥር የዳቦ ትሪ አወጣች፤ የባሕር አሸዋ ሞልቶበታል። የልጅቷን ጣት ይዛ አሸዋው ላይ አንድ ፊደል፣ mን፣ አስሠራቻት፤ "ምምም በይ፣ ጣትሽ እስኪጨርስ ድረስ አታቋርጪ።" ስዋሌሃ "ምምም" አለች። እንደገና። ሌላ ፊደል ጨመረችላት፣ "ኣኣኣ"። ከዚያ ሁለቱን አገናኘችላት። ልጅቷ አሸዋውን አየች፣ ጣቷን አየች። "ማ" አለች፤ በጆሮዋ ከማንም አልያዘችውም። ከአሸዋው ውስጥ አወጣችው።

"አንቺም ሞክሪ" አለቻት ናፉላ ሪዚኪን።

"ተይ፣ እኔ አርጅቻለሁ።"

"አሸዋ ዕድሜ አይጠይቅም።"

ሪዚኪ ጣቷን አሸዋው ውስጥ አስገባች። ያ በጨርቅ ላይ ሁልጊዜ ሲንሸራተት የኖረ ጣት አሸዋው ያዘው። የፊደሉን ጉብታ ወጣች፣ ወረደች፣ ሌላውን ጉብታ ወጣች። "ምምም።" ፊደሉ እዚያው ቀረ። አልተበተነም። እንባዋ ትሪው ላይ ጠብ እንዳይል ፊቷን አዞረች።

ቢ ኮምቦ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እሺ። ይሁን። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ትሞክር። ግን ያን ጊዜ መጥቼ አንድ መስመር ካላነበበችልኝ ሻንጣዋን ይዤ ነው የምሄደው። ያንን ጣት እየነዳችሁ የምታስመስሉትን ደግሞ አሁን አውቄዋለሁ!"

ሪዚኪ ለሰፈሩ ነገረች። እንዴት ከባድ ነበር! ሌሶ ላነሳ ሁሉ "እኔ አላነብም፤ በሥዕሉ ነው የማውቀው። የሚያነብ ሰው ካለሽ አስነብቢ" ትላለች፣ ፊቷ እየቀላ። አንዳንዷ ትታት ሄደች። አንዷ "ታዲያ ስንት ዓመት ስትሸውጂን!" ብላ ሳቀች። ሌላዋ ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ "የኔም ወንድም እንደዚያ ነው" አለቻት። ሪዚኪ ያቺን ሴት አልረሳቻትም።

የስዋሌሃ ትምህርት ቀስ እያለ ሄደ፤ ቀስ ከማለትም ቀስ አለ። የያዘችውን ፊደል በሳምንቱ ትረሳዋለች። ደብተር የወረወረችበት ቀን አለ፣ አግዳሚው ሥር ገብታ ያለቀሰችበት ቀን አለ። ሪዚኪ የሌሶ ጠርዝ መስፋት ታውቃለችና፣ ፊደሎቹን በወፍራም ክር ነጭ ጨርቅ ላይ ሰፋችላት። መምህርት ናፉላ ትሥላለች፣ እሷ ትሰፋለች። ልጅቷ ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ገዢ ሲጠፋ፣ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትዳብሳለች። ሪዚኪም ስትሰፋ ለካ ትማር ነበር።

ዓመቱ አለቀ። ቢ ኮምቦ መጣች፤ ባዶ ሻንጣም ይዛለች። ያን ቀን አዲስ እስር ገብቶ ነበር፣ ገመዱ ገና አልተፈታም።

"ከዚህ ይሁን" አለች ቢ ኮምቦ። "ማንም አንብቦ ያላስጠናው።"

ሪዚኪ ገመዱን ስትፈታ ቢ ታቱ በዚያ ስታልፍ ቆመች። ከሪዚኪ ጋር ከታረቁ ቆይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጨርቅ ገዝታ አታውቅም። ከልጇ አማት ጋር የነበረው ቅሬታ ገና አልጠራም። እጇን ሰደደችና አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን አወጣች።

"ይሄ ያምራል" አለች። "ምን ይላል? አንቺ አይደለሽም የምትነግሪኝ፣ ሪዚኪ። ልጅቷ ትንገረኝ።"

ሪዚኪ ጨርቁን ስዋሌሃ ጉልበት ላይ ዘረጋችው። ራሷም ምን እንደሚል አታውቅም፤ ሥዕሉን አይታው አታውቅም።

ስዋሌሃ ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረገች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አንድ ድምፅ፣ ሌላ ድምፅ። "ልባ... ልባችን" አለች። ጣቷ ወደ ቀጣዩ ሄደ፣ ተሳሳተች፣ ተመለሰች። "ይ... ይታረቅ።"

ቀጣዩ ቃል ከበዳት። ጣቷ ቆመ።

ሪዚኪ ያንን ጣት አየችው። ቆሟል! እሷ ዕድሜዋን በሙሉ አንድም ቀን ያላቆመችውን ጣት ልጇ አቆመችው። ቆሞ ይጠብቃል፣ ያዳምጣል። እሷ ማንበብ ሲባል ሩጫ ይመስላት ነበር እኮ። እዚያ በቆመው ትንሽ ጣት ሥር አንድ ነገር ሲወለድ የምታይ ያህል ነበር።

አንዷ አላፊ ጎንበስ አለችና፣ "ደጄ ነው እኮ—"

"አፍሽን ዝጊ!" አለች ቢ ታቱ። "ማንም አይንገራት። እኔ አልቸኩልም።" አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ዕቃዋንም መሬት ላይ አስቀመጠች።

ቢ ኮምቦም ሳታውቀው ወደ ፊት አዘንብላለች፤ የራሷ ከንፈር ከልጅቷ ጋር ይንቀሳቀሳል።

ጣቷ አንድ ፊደል አለፈ። ሌላም። ወደ ኋላ ተመለሰ።

"ደጄ" አለች ስዋሌሃ። ቀና አለችና እናቷን አየቻት፣ እንደገና አጎነበሰች። "ክፍት... ነው። ልባችን ይታረቅ፣ ደጄ ክፍት ነው።"

ለካ ድንች ጠባሹም ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር፤ "ዘይቴ ተቃጠለ!" ብሎ ሮጠ።

"ለአማቲቱ የሚሆን ነው" አለች ቢ ታቱ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። "ጠቅልዪልኝ፣ ልጄ። ራስሽ ጠቅልዪው።"

ቢ ኮምቦ ባዶ ሻንጣዋን አነሳች፣ ከፈተች፣ ውስጡን አየች። "እንግዲህ ባዶውን ይዤ ከምመለስ" አለች፣ ወደ ተንጠለጠሉት ሌሶዎች እየጠቆመች፣ "ለኔም አንድ ምረጪልኝ። ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ ደግሞ፤ እኔም መነጽሬን ማሊንዲ ረስቼ ነው የመጣሁት።"

ስዋሌሃ አንዱን ጨርቅ አወረደች። ሪዚኪ ከጎኗ ተቀመጠችና የራሷን ጣት ከልጇ ጣት አጠገብ አደረገች። ልጅቷ የመጀመሪያውን ድምፅ ስታወጣ እሷም አብራ አወጣችው፤ ልጅቷ ስታቆም እሷም አቆመች።